የማይቀልጥ መሬትና የኤሌክትሪክ ምርመራ፦ ከያኩትስክ እስከ ቦረና

ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቀው፣ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ላይ በበጋ ማለዳ የወጣ መንገደኛ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ያገኘዋል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ውርጩ ይሟሟል። የቦረና ገበሬ ውርጭን የሚያውቀው የባቄላውና የገብሱ ጠላት አድርጎ እንጂ የምድር ውስጥ ነዋሪ አድርጎ አይደለም። እውነትም ነው፤ ፐርማፍሮስት የሚባለው፣ ይኸውም ሙቀቱ ቢያንስ 2 ዓመት በተከታታይ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ የሚቆየው መሬት፣ ዛሬ በአገራችን የለም። በጥንት ዘመን ግን ብርዱ የበረታ ነበር። በባሌ፣ በሳኔቲ አምባ ላይ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የድንጋይ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህን የደረደራቸው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን መሬቱን በጥልቀት ሲያረጋና ሲፈታ የኖረው ውርጭ እንደሆነ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

እንዲህ ያለው መሬት ዛሬም በሰፊው የሚገኘው በዋልታ አካባቢ ነው። በሳይቤሪያ፣ በያኩትስክ ከተማ፣ ሸርጊን የተባለ ነጋዴ የውሃ ጉድጓድ ለማግኘት ሲል እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1837 አስቆፈረ። ጉድጓዱ 116 ሜትር ወርዶም ከረጋው መሬት አልወጣም። ለነጋዴው ኪሳራ ቢሆንም ለሳይንስ ትልቅ ሀብት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ሚደንዶርፍ በዚያው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር እያስገባ የምድሩን ሙቀት በየጥልቀቱ ለካ።

ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 9 ዓመት መቆፈር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1912 ኮንራድ ሽሉምበርዤ የኤሌክትሪክ ጅረትን በ2 ዘንጎች ወደ መሬት እየላከ፣ በሌሎች 2 ዘንጎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ መለካት ጀመረ። ውሃ ሲረጋ ጅረትን የማሳለፍ ችሎታው እጅግ ስለሚቀንስ ዘዴው ለፐርማፍሮስት ፍለጋ ተስማሚ ሆነ። ጉዳዩም ለመሐንዲሱ የቅንጦት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 የአላስካ አውራ ጎዳና ሲቀየስ የዕፅዋት ልባሱ የተገፈፈበት መሬት ቀልጦ መኪኖችን የሚውጥ ጭቃ ሆኗል።

መሣሪያው ግን በረዶን አይቶ “በረዶ” አይልም፤ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ጽኑ ዓለትም፣ በድንጋዮች መካከል የተያዘ አየርም ከፍተኛ ቁጥር ያስነብባሉ። ስለዚህ የድምፅ ሞገድ ፍጥነት ይጨመርበታል፤ ሞገዱ በበረዶ ውስጥ በሰከንድ ወደ 3,500 ሜትር ሲጓዝ፣ በአየር ውስጥ የሚጓዘው ወደ 330 ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ክርክሩን ይፈታል።

የዋልታ ምርምር በተስፋፋበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958፣ በአባ ፒየር ጉዌን ጥረት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የእኛና የዋልታው ሙያ፣ ብዙ ጊዜ ባይነሣም፣ በዚያ ዓመት ተገናኝተዋል።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ የባዛልት ደጋ ላይ የምንፈልገው በረዶን ሳይሆን ውሃን ነው፤ እንቆቅልሹ ግን አንድ ነው። ከፍተኛው ቁጥር ደረቅ ጽኑ ባዛልትን፣ ዝቅተኛው ውሃ ያዘለውን የተሰነጣጠቀ ዓለት ወይም ውሃ የማይለቅ ሸክላን ሊያመለክት ይችላል። ሸክላውን ውሃ ነው ብሎ ያስቆፈረ ባለሙያ ደረቅ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል፤ የመንደሩ እናቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ሸለቆው ምንጭ መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ የመቆፈሪያው መኪና ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ልኬት ላይ የሞገድ ፍጥነትን፣ የምንጮችን አቀማመጥና በአቅራቢያው የተቆፈሩ ጉድጓዶችን መዝገብ ማስተያየት ወጪው ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ ያነሰ ነው።