ኢሙሌተር (ኮምፒዩተር)

ኢሙሌተር አንድ ኮምፒዩተር የሌላ ዓይነት ኮምፒዩተርን ጠባይ ተላብሶ ለዚያ ማሽን የተጻፉ ፕሮግራሞችን እንዲያሠራ የሚያስችል ሶፍትዌር፣ አልፎ አልፎም ሃርድዌር ነው። በአማርኛ «አስመሳይ» ቢባል ከትርጉሙ ባይርቅም ቃሉ በሰው ላይ ሲነገር ነቀፋ ስለሆነ የባዕዱ ቃል ይዘወተራል። በሌላው ዓለም ኢሙሌተር በይበልጥ የሚታወቀው በድሮ የቪዲዮ ጨዋታዎች ነው። በኢትዮጵያ ግን ከጨዋታ የከበደ ጉዳይ አለው፤ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እርስ በርስ በማይግባቡ ፕሮግራሞች የተጻፉ የአማርኛ፣ የትግርኛና የግዕዝ ሰነዶችን መልሶ ለማንበብ ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

አሠራር

እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የራሱ የትእዛዝ ስብስብ አለው። ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። ኢሙሌተሩ የአሮጌውን ማሽን ትእዛዛት አንድ በአንድ እያነበበ አሮጌው ፕሮሰሰር ያደርገው የነበረውን በአዲሱ ማሽን ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይፈጽማል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም አዝጋሚ ነው፤ ለአንድ አሮጌ ትእዛዝ ብዙ አዳዲስ ትእዛዛት ይፈጃል። ስለዚህ ፈጣኖቹ ኢሙሌተሮች አንድን የፕሮግራም ክፍል አንድ ጊዜ ተርጉመው ያስቀምጡና ዳግመኛ ሲመጣ የተተረጎመውን በቀጥታ ያሠራሉ። ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪሙ የሚታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ከኢሙሌተር ጋር የሚምታታው ቨርቹዋል ማሽን ግን ትእዛዛቱን በአብዛኛው ሳይተረጉም ለእውነተኛው ፕሮሰሰር ስለሚያሳልፍ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሊኖራቸው ይገባል።

ፕሮሰሰሩን ማስመሰል የሥራው ከባዱ ክፍል አይደለም። አስቸጋሪው በዙሪያው ያለው ነው፦ የማያ ካርዱ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያው፣ የቁልፍ ሰሌዳው፣ የማተሚያው መሰኪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርትዝ ይሠራ ነበር፤ ሰዓት ቆጣሪውም በሰከንድ 18.2 ጊዜ ይመታ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ማሽኑ ይህን ያህል ዘገምተኛ መሆኑን እንደ ማይለወጥ ነገር ቆጥረውታል። በተርቦ ፓስካል የተጻፉ አያሌ ፕሮግራሞች በፈጣን ፕሮሰሰር ላይ ገና ሲነሡ «ስህተት 200» ብለው ይቆማሉ፤ የማሽኑን ፍጥነት ሲለኩ የሚያገኙት ቁጥር ከተመደበለት ቦታ ስለሚበልጥ ነው። በኢሙሌተር ውስጥ አንዱ መፍትሔ ማሽኑን ሆን ብሎ ማዘግየት ነው።

ታሪክ

ቃሉ በዚህ ትርጉሙ የተለመደው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም/360 የተባለውን የማሽን ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ ነው። ደንበኞቹ ለ1401 እና ለሌሎች ቀደምት ማሽኖች ያስጻፏቸውን ፕሮግራሞች ጥለው አዲሱን ማሽን ለመግዛት ስለማይደፍሩ ኩባንያው አሮጌውን በአዲሱ ውስጥ አኖረው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሮሰሰሩን ሲለውጥ ያደረገውም ይኸው ነው። የድሮ የጨዋታ ማሽኖችን የሚያስመስለው ማሜ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያሠራው ዶስቦክስ ደግሞ በ2002 ወጡ። ኢሙሌተርን ከንግድና ከጨዋታ አውጥቶ ለቤተ መዛግብት ሥራ እንዲታሰብ ያደረገው በተለይ አሜሪካዊው ጄፍ ሮተንበርግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሳተማቸው ጽሑፎች የዲጂታል ሰነድ ከተጻፈበት ፕሮግራም ተለይቶ ሊኖር እንደማይችል ተከራክሯል። ለአማርኛ ሰነዶች ይህ ክርክር ከእንግሊዝኛው ይልቅ በእጥፍ ይሠራል። አሮጌ የእንግሊዝኛ ፋይል ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ ፊደሎቹ በአብዛኛው ይነበባሉና።

የግዕዝ ፊደል በዶስ ዘመን

የመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ማቀናበሪያዎች በአገር ውስጥም በውጭም የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት ፈር ቀዳጆች መካከል ዶ/ር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው ይገኛሉ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። ሁሉም የገጠማቸው ችግር ግን አንድ ነበር፤ እርሱም የቁጥር ችግር ነው። ዶስ ለፊደላት የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ከዚያም ብዙው በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በምልክቶች ተይዟል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። እንደ ሏ፣ ቷ እና ኳ ያሉት ዲቃላዎች፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ይሞላል፤ ለእንግሊዝኛ የሚተርፍ የለም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በማያ ካርዱ ውስጥ ያለውን የፊደል ቅርጽ ሰንጠረዥ አውጥቶ በግዕዝ መተካት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ ካርድ በአንድ ጊዜ እስከ 512 ቅርጾች መያዝ ስለሚችል ይህ ይቻል ነበር። ሁለተኛው የጽሑፉን ገጽ ትቶ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ መሣል ነው። ለኢሙሌተር ሠሪ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንዳንድ ኢሙሌተሮች ጽሑፉን አሳምረው ለማሳየት ሲሉ ቅርጾቹን ከአዲሱ ማሽን ፎንት ያመጣሉ። በእነዚህ ላይ በአንደኛው መንገድ የተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የሳጥን መስመሮች ዝብርቅርቅ ነው፤ ፕሮግራሙ የተካውን ሰንጠረዥ ኢሙሌተሩ አይመለከተውምና። የካርዱን ማኅደረ ትውስታ በትክክል የሚያስመስሉት፣ ዶስቦክስን ጨምሮ፣ ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው።

ቁልፍ ሰሌዳውም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮግራሞቹ የእያንዳንዱን ቁልፍ ምልክት ከዶስ ቀድመው ጠልፈው ነበር የሚሠሩት፤ ተነባቢው ከተመታ በኋላ አናባቢው ሲመታ ፊደሉ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ማድረስ ያለበት የቁልፉን መለያ ቁጥር እንጂ የተጻፈውን ፊደል አይደለም። በዘመናዊው ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ሥራ ላይ ካለ አስቀድሞ ማጥፋት ይገባል። ለኅትመት ደግሞ ፕሮግራሞቹ ፊደሎቹን እንደ ሥዕል ወደ ባለ 9 ወይም ባለ 24 መርፌ ማተሚያ ይልኩ ስለነበር ማተሚያውም መመሰል ይኖርበታል፤ ከዶስቦክስ የተወለደው ዶስቦክስ-ኤክስ የኤፕሰን ማተሚያን አስመስሎ ገጹን በሥዕል ፋይል ማስቀመጥ ይችላል።

ሁሉም የዶስ ቅርስ እንዲህ አያስቸግርም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለግል ኮምፒዩተሮች ያወጣውና አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ጭምር የተስፋፋው ሲዲኤስ/አይሲስ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም መረጃውን አይኤስኦ 2709 በተባለ የታወቀ መለዋወጫ መልክ ያስወጣል። እዚህ ኢሙሌተር የሚያስፈልገው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተከፍቶ፣ ካታሎጉ ወጥቶ፣ ይዘጋል።

የዘመን አቆጣጠርም ሊረሳ አይገባም። የፈረንጆቹ 2000 ሲቃረብ ዓለምን ያስጨነቀው በሁለት አኃዝ የተጻፈ ዓመት ችግር፣ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚመዘግብ ፕሮግራም የሚመጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 2007፣ ማለትም 1999 ወደ 2000 ዓ.ም. ሲለወጥ ነው። በኢሙሌተር ውስጥ ሰዓቱን ወደ 1990 ዓ.ም. መልሶ ፕሮግራሙን ከዚህ መከላከል ይቻላል።

የዊንዶውስ ፎንቶች

ወደ ዊንዶውስ ከተሻገረ በኋላ ችግሩ መልኩን ለወጠ። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ፊደል፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም የግዕዝ ፊደላትን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡ፤ አንድ ፎንት ሲጠባቸው በሁለትና ከዚያ በላይ ከፋፈሉ። አመዳደባቸው ግን የየራሳቸው ነበር። በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ሸ» ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንዶቹም አንድ ፊደል ከአንድ በላይ ቁጥሮች ተገጣጥሞ ይሠራል። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ቁጥርና የፎንቱ ስም ብቻ ነው። የፎንቱ ስም የጠፋበት ሰነድ ስሙ እንደ ተፋቀ መቃብር ነው፤ አንድ ሰው እንደተቀበረ ይታወቃል፣ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ከ4608 እስከ 4991 ባለው የቁጥር ክልል 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን አካተተ። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ይሁን እንጂ የለመደ እጅ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ የጽሕፈት ባለሙያዎች በአሮጌዎቹ ፎንቶች ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቀጥለዋል። ለዊንዶውስ 3.1 የተሠሩት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ደግሞ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከነጭራሹ አይነሡም። ለእነዚህ ዊንዶውስ 3.1ን በዶስቦክስ ውስጥ መጫን፣ ወይም ሙሉውን ፒሲ የሚያስመስለውን 86ቦክስ መጠቀም ያስፈልጋል።

መክፈትና ማውጣት

ፕሮግራሙ በኢሙሌተር ተነሥቶ ሰነዱ በማያው ላይ በአማርኛ መታየቱ ብዙዎች ሥራው ያለቀ እንዲመስላቸው ያደርጋል። ጽሑፉ ተቀድቶ ወደ አዲሱ ማሽን ሲመጣ ግን ያው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኢሙሌተር ሰነዱን ያሳያል እንጂ ፊደሉን አይፈታም። ለመፍታት የእያንዳንዱን አሮጌ ቁጥር የዩኒኮድ አቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ለታወቁት ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ተሠርቷል፤ የግዕዝን ፊደል በላቲን ለመጻፍ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በዚህ በኩልም ፈር ቀደዋል።

ሰንጠረዥ ለሌለው ፕሮግራም ኢሙሌተሩ ራሱ ሰንጠረዡን መሥሪያ ይሆናል። አሮጌው ፕሮግራም በኢሙሌተር ውስጥ ይከፈትና ፊደል ገበታው ከሀ እስከ ፐ በተርታ፣ ከነዲቃላዎቹና ከነአኃዞቹ፣ ይጻፋል። ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ ይዘቱ በቁጥር መልክ ይታያል። የፊደሎቹ ቅደም ተከተል የታወቀ ስለሆነ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ በተራ ይነበባል። ከዚያም እውነተኛው ሰነድ በዚሁ ሰንጠረዥ ተለውጦ በኢሙሌተሩ ከታተመው ገጽ ሥዕል ጋር ይመሳከራል።

ይህ ሁሉ ድካም ሰነዱን እያዩ እንደገና ከመጻፍ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለአጭር ደብዳቤ ላይሻል ይችላል። እንደገና የሚጽፍ ሰው ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ ልማዱ ይለዋውጣል። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሃይ» ሆኖ ሲመጣ በውርስ ወይም በይዞታ ክርክር ላይ አንድ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪም የጸሐፊው አጻጻፍ ራሱ ማስረጃ ነው። ሰንጠረዥ ግን የተጻፈውን እንጂ የመሰለውን አያስቀምጥም።

ከኢሙሌተሩ በፊት

ኢሙሌተር የሚያሠራው ነገር ይፈልጋል፤ እርሱም ያለው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። የዘመኑ 5¼ ኢንች ዲስክ 360 ኪሎባይት ወይም 1.2 ሜጋባይት፣ 3½ ኢንቹ ደግሞ 720 ኪሎባይት ወይም 1.44 ሜጋባይት ይይዛል። መግነጢሱ ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ እርጥበት ባለበት ክፍል የተቀመጠ ዲስክ ሻጋታ ያወጣል፤ ሳይጸዳ ወደ ማንበቢያው የገባ የሻገተ ዲስክ የማንበቢያውን ራስ አበላሽቶ ቀጥሎ የሚገባውንም ይጎዳል። የተለመደው አሠራር ዲስኩን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ሙሉ ምስሉን መቅዳትና ከዚያ በኋላ በምስሉ ብቻ መሥራት ነው። ክራዮፍለክስና ግሪስዊዝል የተባሉት መሣሪያዎች የመግነጢሱን ለውጥ በቀጥታ ስለሚመዘግቡ ተራ ማንበቢያ የማያነብበውን ዲስክ ሳይቀር ብዙ ጊዜ ያተርፋሉ።

በአዲስ አበባ የአሮጌ ኮምፒዩተር መንገድ የታወቀ ነው። ከመሥሪያ ቤት መጋዘን ወይም ከቤት ጓዳ በቆራሌው በኩል ወጥቶ ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ይሄዳል፤ የሚሸጥ ነገር የማይገኝበት ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ረጲ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ሰብሳቢው የሚፈልገው ብረቱን፣ መዳቡንና ፕላስቲኩን ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫነው የአማርኛ ፕሮግራም ለማንም ዋጋ የለውም። አሮጌውን ማሽን ከመጣል በፊት ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ምስሉን መቅዳት ለኢሙሌተር ሥራ ከሁሉም የላቀው እርምጃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በምስሉ ውስጥ ፕሮግራሙም፣ ፎንቱም፣ ሰነዱም፣ የማሽኑ አደረጃጀትም አብረው ይገኛሉና። ፍሎፒዎቹ ብቻ ተርፈው ማሽኑ ሲጣል ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፎንቱ ነው።

ሕግ

ኢሙሌተርን መሥራት በራሱ የሌላውን ፕሮግራም መቅዳት አይደለም። በአሜሪካ ሶኒ በኮኔክቲክስ ላይ ባቀረበው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የሰጠው ውሳኔም ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የማሽንን ፕሮግራም ቀድቶ መመርመርን ፈቅዷል። በኢሙሌተሩ ውስጥ የሚጫነው ዶስ፣ ዊንዶውስ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ማቀናበሪያ ግን ባለመብት አለው። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። አዋጁ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ለያዘ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ይፈቅድለታል።