ቃኘው ሻለቃ እና ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናት

የቃኘው ሻለቃ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ውጊያው ነው። ጀግኖች ነበሩ፣ አልተማረኩም እንላለን። እውነት ነው። ዛሬ ግን ለእኛ ለእድርተኞች የሚቀርበንን ሌላውን ሥራቸውን እናንሳ። ከቡሹሎ ኮሪያ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሰን።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ስትወረር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን እርዳታ ጠየቀ። እኛ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለን የሚያድነን አላገኘንም፤ ስለዚህ የተወረረ ሰው ጩኸት ይገባናል። ከክብር ዘበኛ የተመረጡት ወታደሮች በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሱ። እየተተካኩ ከ6000 በላይ ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። ተኩስ ቆመ ማለት ግን ችግር አለቀ ማለት አይደለም። ቤቱ ፈርሷል፤ እናት አባት የሞቱበት ሕፃን ሜዳ ላይ ቀርቷል። ታዲያ የእኛዎቹ ምን አደረጉ? ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። ገንዘቡም ከደመወዛቸው የተዋጣ ነበር። ጠመንጃ የያዘ እጅ ሕፃን አጎረሰ።

የሞቱ ጓዶቻቸውንም በባዕድ አፈር አልተዉም። አስከሬናቸው አገር ገብቶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለተወዳጀ ዘማቾቹ ይህን ታሪክ እንደልባቸው አላወሩም፤ ብዙዎቻችን ያልሰማነውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሟችን በክብር መቅበርና የቀረውን ልጅ ማሳደግ ለእነዚያ ወታደሮች አንድ ሥራ ነበር። እኛስ? ቀብር ላይ አንታማም፤ ድንኳኑም ወንበሩም በሰዓቱ ይደርሳል። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል ግን የሟች ልጅ ደብተር ማን ይገዛለታል? ይህን በጠቅላላ ጉባኤያችን አንስተን ብንወያይበት፣ ከመዋጮውም ጥቂት ለልጆቹ ብንመድብ ምን ይመስላችኋል? እነሱ ቋንቋውን ለማያውቁት ልጅ አዋጥተዋል። የእኛዎቹ ግን በስም የምናውቃቸው፣ በደጃችን የሚጫወቱ ናቸው።