ፋየርፎክስ ተከፍቶ ዝም ሲል

ክሮም ላይ ሽው የሚል የሴሌኒየም ስክሪፕት ፋየርፎክስ ላይ ለምን ድርቅ ይላል? ነገሩ ታሪክ አለው ልጆች።

ሴሌኒየምን በ2004 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ የጀመረው ጄሰን ሃጊንስ ነው። (ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፦ ተፎካካሪው ሜርኩሪ ይባል ነበር፤ ሴሌኒየም ደግሞ የሜርኩሪ ማርከሻ ነው ይባላል።) በኋላ ፋየርፎክስን ይነዳለት የነበረው ብሮውዘሩ ውስጥ የሚጫን አድኦን ነው። ኦገስት 2016 ላይ ፋየርፎክስ 48 ወጣና ሞዚላ ያልፈረመበትን አድኦን አላስገባም አለ። በቃ! መስኮቱ ይከፈታል፣ ገጹ ባዶ ነው፣ ስክሪፕቱ የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ይገተራል። ስንቱ ጀማሪ ምንም ያላጠፋ ኮዱን ሲበትን አደረ! መፍትሔው ሞዚላ የሠራው ጌኮድራይቨር ነበር፤ በስክሪፕቱና በብሮውዘሩ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም።

ዛሬም አንዱ ብሮውዘር ላይ ብቻ ከተገተረባችሁ፣ ኮዱን ሳትነኩ በፊት የብሮውዘሩና የድራይቨሩ ቨርዥን መግባባቱን እዩ።