የመኪና መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ምክንያቱን እንዴት እንለያለን?

በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ሥራው ላይ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስና ማዳምን ገበያ መውሰድ የተጨመረባቸው እህቶች አሉ። መኪናው ላይ አንድ ነገር ሲፈጠር ታዲያ መጀመሪያ የምትጠየቀው መሪ የያዘችው ናት። «ምን አድርገሽው ነው?» ስትባይ «እኔ እንጃ» ማለትና «ከ90 በላይ ስነዳ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ፍሬን ስይዝ አይብስም» ማለት በጣም ይለያያል። ሁለተኛው መልስ ባለሙያው ችግሩን ቶሎ እንዲያገኘው ይረዳል፣ ያለ አግባብ ከመወቀስም ያድናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንቺንና ከኋላ የተቀመጡትን ልጆች ከአደጋ ይጠብቃል።

ይህ ጽሑፍ መኪና መጠገን አያስተምርም። ዓላማው ምልክቱን አይተሽ ምክንያቱን እንድትጠረጥሪ፣ የትኛው ጋራዥ እስኪደርስ የሚታገሥ፣ የትኛው ደግሞ እዚያው መቆም የሚያስፈልገው እንደሆነ እንድትለዪ ነው።

አራት ጥያቄዎች

መንቀጥቀጥ እንደ ትኩሳት ነው፤ ብዙ ዓይነት በሽታ ያመጣዋል። መቼ እንደሚነሳ ካወቅሽ ግን ግማሹን መንገድ ሄደሻል። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያዢ፦

1. በስንት ፍጥነት ይጀምራል? በስንትስ ይቀንሳል?
2. ፍሬን ስትይዢ ብቻ ነው ወይስ ሳትይዢም?
3. መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል?
4. የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበሩ?

አራተኛው ጥያቄ የትኛው ጎማ እንደሆነ ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ችግር በመሪው፣ የኋላ ጎማ ችግር በወንበሩና በመኪናው ወለል በኩል ይሰማል።

ከ80 እስከ 120 ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ

በከተማ ውስጥ ደህና የነበረ መሪ ትልቁ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በብዛት የሚገኘው ምክንያት የጎማ ባላንስ መዛባት ነው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ወይም ውስጡ የተለጠፉ ትንንሽ የብረት ክብደቶች አሉ፤ የጎማው ክብደት በሁሉም በኩል እኩል እንዲሆን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንዱ ወድቆ ከሆነ የተለጠፈበት ቦታ ከሌላው የጸዳ ሆኖ ይታያል።

«ይህች ትንሽ ብረት ይህን ሁሉ ታደርጋለች?» ትዪ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የቤት መኪና ጎማ በአንድ ሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቸርኬው ዳር ላይ የ20 ግራም ልዩነት ካለ፣ በዚያ ፍጥነት 3 ኪሎ በሚሆን ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ያውም በእያንዳንዱ ዙር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 የማይሰማው በ100 የሚሰማው ለዚህ ነው።

ባላንስ ሁልጊዜ ክብደት በመውደቁ ብቻ አይዛባም። ቤተሰቡ በረሃ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ወይም አሸዋ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በደንብ ሲታጠብ የሚጠፋ ከሆነ ምንም ወጪ የለውም።

ብዙ ሰው ባላንስን ከአላይመንት ጋር ያምታታል። አላይመንት ሲበላሽ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጠመም ብሎ ይቆማል፣ ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። መንቀጥቀጥ ግን በዋናነት የባላንስ ጉዳይ ነው። አላይመንት ብቻ ተሠርቶ መንቀጥቀጡ ካልቀረ «ባላንሱ ታይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ጎማው ራሱ ሲበላሽ

ባላንስ ተሠርቶም ካልተሻለ ጎማውንና ቸርኬውን መመርመር ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በብርሃን እየዞርሽ እዪ፦

– የጎማው ጎን ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ፣ በውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ይህ አይጠገንም። በዚህ ጎማ ትልቅ መንገድ መውጣት አደገኛ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።
– ቸርኬው ጠርዝ ላይ የተጎነበሰ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካለ፣ ጉድጓድ ወይም የመንገድ ዳር ድንጋይ መትቶት ይሆናል።
– ጎማው ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አንብቢ። በጎኑ ላይ ከሚገኙት ጽሑፎች መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2521 ከሆነ በ2021 በ25ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ጎማ ቶሎ ያደርቃል። 5 ወይም 6 ዓመት ካለፈው በባለሙያ ይታይ፤ 10 ዓመት የሞላው ጥርሱ ባያልቅም መቀየር አለበት።
– ነፋሱን አስለኪ። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ጥሩ ጊዜ ነው። ሲነዳ የቆየ ጎማ ነፋሱ ስለሚጨምር «በዛ» ብለሽ አታስወጪ፤ ሲበርድ ያንሳል።

በበጋ ቤተሰቡ ወደ ውጭ ሄዶ መኪናው አንድና ሁለት ወር ከቆመ፣ መሬት የነካው የጎማው ክፍል ይጠፈጠፋል። መጀመሪያ ሲነዳ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ሲሞቅ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ተነድቶም ካልቀነሰ ለጎሚስታ ይታይ።

ፍሬን ስትይዢ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ

በፍጥነት እየነዳሽ ፍሬን ስትይዢ መሪው ግራና ቀኝ የሚርገፈገፍ፣ ስትለቂው ደግሞ የሚተው ከሆነ፣ የፊት ፍሬን ዲስክ ውፍረቱ እኩል አይደለም። የፍሬን ሸራው ወፍራሙን ቦታ ሲያገኝ ይጨብጣል፣ ቀጭኑን ሲያገኝ ይለቃል፤ ያ ነው እጅሽ ላይ የሚሰማው። እግርሽ ሥር ፔዳሉም ሊመታ ይችላል። ዲስኩ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። ሸራውን ብቻ መቀየር አይበቃም።

ከዚህ ጋር የማይምታታ አንድ ነገር አለ። በአሸዋ ወይም በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬኑን በኃይል ስትይዢ ፔዳሉ «ትር ትር» ቢልብሽ፣ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የመኪናው ፍሬን ሥራውን እየሠራ ነው። እግርሽን አታንሺ፤ እንደያዝሽ ቆዪ።

ፍሬን ሳትይዢም መሪው የሚንቀጠቀጥ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ፣ ከአንዱ ጎማ የተቃጠለ ሽታ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ቁሚ። ቸርኬውን በእጅሽ አትንኪ፣ ያቃጥላል። ውኃም አታፍሺበት።

ነዳጅ ስትሰጪ ወይም ስትዞሪ

ነዳጅ ስትሰጪ የሚንቀጠቀጥ፣ እግርሽን ስታነሺ የሚተው ከሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያው ሳይበላ አይቀርም። መሪውን አጥፈሽ ስትዞሪ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

እንደ አውሮፕላን «ኡኡ» የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ስትዪ የሚለዋወጥ ድምፅ ካለ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ ነው የሚጠረጠረው። ይህ ሲቆይ ስለሚከፋ አይዘግይ።

መኪናው ቆሞም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ

ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ችግሩ ጎማው ላይ አይደለም፤ ጎማው አልዞረምና። ወደ ሞተሩ ነው የሚኬደው። መብራት ላይ ፍሬን ይዘሽ ስትቆሚ ተንቀጥቅጦ፣ ማርሹን ወደ ኤን ስታደርጊ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ ተበልቶ ይሆናል። ኤሲ ስትከፍቺ የሚብሰውም ኤሲው ለሞተሩ ተጨማሪ ሸክም ስለሆነ ነው። ሞተሩ ራሱ የሚያነክስ፣ ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር ምልክት የበራ ከሆነ ካንዴላው መታየት አለበት።

መሪው ቆሞ ሲዞር ብቻ የሚንቀጠቀጥና የሚጮህ ከሆነ፣ የመሪ ዘይት ባላቸው መኪኖች ዘይቱ አንሶ ወይም ቺንጊያው ላልቶ ይሆናል።

አንድ ሜትር እንኳ መቀጠል የሌለበት መቼ ነው?

– መንቀጥቀጡ በድንገት ጀምሮ በየደቂቃው እየባሰ ሲሄድ
– ጎማ በቅርቡ ተቀይሮ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ሲመጣ፤ ዳዶዎቹ ላልተው ሊሆን ይችላል፣ ጎማ እስከ መውለቅ ያደርሳል
– መሪው ልል ሲሆን፣ ማለትም ትንሽ ስታዞሪው መኪናው የማይሰማ ሲሆን
– በጎማው ጎን ላይ እብጠት ስታዪ
– የተቃጠለ ሽታ ወይም ጭስ ሲኖር

እንዲህ ሲሆን ፍሬኑን በኃይል አትያዢ። መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠሽ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፤ መኪናው ራሱ ይቀንሳል። የአደጋ መብራት አብርተሽ ቀስ እያልሽ ወደ ቀኝ ዳር ውጪ። ልጆቹን በቀኝ በኩል አውርደሽ ከመንገዱ አርቀሽ አቁሚ። ከዚያ በኋላ ደውዪ። «ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ቀስ ብለሽ ነጂው» ብትባዪ፣ ጎማው ሊወልቅ ወይም ሊፈነዳ እንደሚችል በግልጽ ተናገሪ። ከመኪናው ሥር አትግቢ፣ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ሰው አይገባም።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዳዶዎቹ እንደገና እንዲጠብቁ አድርጊ። ቀጭኑ መጠባበቂያ ጎማ ከገባ ደግሞ ከ80 በላይ አይነዳም፤ ጎማው ላይም ተጽፏል።

ጋራዥ ውስጥ የሚጠቅሙ ቃላት

በሳዑዲ ጋራዦች እነዚህን ትሰሚያለሽ። መሪ «ደረክሶን»፣ ጎማ «ከፈር»፣ ቸርኬ «ጀንጥ»፣ ጎሚስታ ቤት «በንሸር»፣ ባላንስ «ተርሲስ»፣ አላይመንት «ወዝን አዝርዓ»፣ ፍሬን «ፈራሚል»፣ የፍሬን ሸራ «ፈሕማት»፣ የፍሬን ዲስክ «ሆባት»፣ ኩሽኔታ «ሩማን» ይባላል። «አድ-ደረክሶን ይርጅፍ» ካልሽ «መሪው ይንቀጠቀጣል» ማለት ነው።

አንድ ቃል ግን እንዳያሳስትሽ፦ እዚያ «መኪና» የሚሉት ሞተሩን ነው፤ እኛ መኪና የምንለው «ሰያራ» ነው። ሜካኒኩ «ከራሲ መኪና» ቢል የመኪናውን ወንበር ማለቱ አይደለም፤ ሞተሩ የተቀመጠበትን ላስቲክ ነው።

ለአሰሪ ማሳወቅ

ምልክቱን ባየሽበት ቀን ለባባ ወይም ለማዳም በዋትሳፕ ላኪ፤ በቃል ብቻ አትንገሪ። በቃል የተነገረ ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ከነቀኑ ይቀመጣል። መልእክቱ ረጅም መሆን የለበትም፦ «ዛሬ መኪናው በ95 ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ስይዝ አይብስም። የቀኝ የፊት ጎማ ጎኑ ላይ እብጠት አለ፣ ፎቶው ይኸው። ኪሎ ሜትሩ ይህን ያህል ነው። እስኪታይ ድረስ ልጆቹን ይዤ ትልቁ መንገድ አልወጣም።» የዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትርና የጎማውን ፎቶ አያይዢ። መልእክቱን አታጥፊው። ጋራዡ የሰጠውን ደረሰኝም ፎቶ አንሺ፤ ምን እንደተሠራና ምን እንዳልተሠራ እዚያ ላይ አለ።

ጎማ፣ ዲስክና ኩሽኔታ በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። አንቺ ስትነጂ ማለቃቸው አንቺ ሰብረሻቸዋል ማለት አይደለም። ጉድጓድ ወይም የመንገድ ዳር የመታ ከሆነም የዚያኑ ዕለት አሳውቂ፤ ቸርኬ የተጎነበሰበትን ቀን መደበቅ በኋላ ለሌላ ጥርጣሬ በር ይከፍታል።

በመጨረሻም፣ በአገሩ የሚሠራ መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ «እዚህች ቅርብ ናት» ብትባይም መሪ አትያዢ። አደጋ ቢደርስ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።