የእርሻ መሣሪያዎችን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቅ አነስተኛ ወጪ ያለው ጊዜያዊ መጠለያ

አርሶ አደሩ የእርሻ ወቅት ሲያበቃ ማረሻውን ከሞፈሩ ነቅሎ ወደ ቤት ያስገባል፤ ሞፈሩንና ቀንበሩንም በክፈፍ ሥር ያስጠጋል። እንጨቱ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ፣ በዝናብም እንዳይበሰብስ የሚደረግ ነባር ጥንቃቄ ነው። ከእነዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ የወጣባቸው ትራክተሮች፣ መከስከሻዎችና መውቂያዎች ግን በየወረዳው ግቢና በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ክረምቱን ያለ ጥላ ሲያሳልፉ ይታያል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱ መሣሪያዎቹን ለማግኘት የነበረውን ጫና አቃልሏል። ይሁን እንጂ ግዥ ሲታቀድ ለማስቀመጫ የሚሆን በጀት አብሮ የሚያዝበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንድ የመውቂያ ማሽን በዓመት የሚሠራው ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሆን ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ያሳልፋል። ጉዳቱ የሚደርሰውም በዚሁ ሥራ በሌለበት ወቅት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደርሶ ማሽኑ አልነሣ ሲል የደረሰው ስንዴ ወቅቱን ላልጠበቀ ዝናብ ይጋለጣል።

የፀሐይ ሙቀትና ጨረር ጎማን፣ ቺንጋንና የዘይት መከላከያ ላስቲኮችን ያደርቃል፤ ይሰነጥቃልም። ዝናብና የሌሊት ጤዛ ቀለም የተላጠበትን ብረት ያዝጋሉ። በማሽኑ ውስጥ የቀረ ገለባ እርጥበት ከመያዙም በላይ አይጥ ይስባል፤ አይጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይቆርጣል። በመሆኑም ማንኛውም መሣሪያ ወደ መጠለያ ከመግባቱ በፊት ሊጸዳና ሊደርቅ፣ የተጋለጠው ብረትም ግራሶ ሊቀባ ይገባል።

መጠለያው ግድግዳ አያስፈልገውም። አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ ነፋስ ሲዘዋወርበት እርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ዝናብ በሚያዘነብልበት ጎን ብቻ ሸራ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ መጋረድ በቂ ነው። ለአንድ መካከለኛ ትራክተር 6 ሜትር በ4 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይበቃል። ቦታው ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበትና ዙሪያውን ቦይ የተቀደደለት ሊሆን ይገባል። ወለሉ ላይ ጠጠር ካልተደፋ ጣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ እርጥበት ከሥር ይነሣል።

ለቋሚና ለወራጅ የባሕር ዛፍ እንጨት በአብዛኛው የአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች በቅርብ ይገኛል። የቋሚው መሬት የሚገባው ክፍል ተልጦ ከደረቀ በኋላ በእሳት መለብለቡ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባቱ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ምስጥ በሚበዛባቸው እንደ ወለጋ ባሉ አካባቢዎች ግን ይህ ብቻውን ስለማይበቃ ቋሚውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መሠረት ላይ ማቆም ይመረጣል።

የሣር ክዳን ርካሽ ቢሆንም ነዳጅ ባለበት አጠገብ የእሳት አደጋ ስላለው ለማረሻ፣ ለመከስከሻና ለጋሪ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ቆርቆሮ በመነሻው ውድ ነው፤ በተደጋጋሚ ስለሚያገለግል ግን ወጪውን ይክሳል። ሸራን በቀጥታ በማሽኑ ላይ ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው። በውስጡ የታፈነው እርጥበት ብረቱን ሜዳ ላይ ከቆመው ባልተናነሰ ያዝገዋል። ሸራው በእንጨት ተወጥሮ ከማሽኑ በላይ ክፍተት ሊኖረው ይገባል።

ኮምባይነር ቁመቱ እስከ 4 ሜትር ስለሚደርስ በአጣና የተሠራ ከፍ ያለ ዳስ በነፋስ ሊወድቅበት ይችላል። ጠንካራ መጠለያ መሥራት ካልተቻለ የፊት መቁረጫውን ፈትቶ በዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን ብቻ መሸፈን የተሻለ አማራጭ ነው። በባሌ ደጋማ ወረዳዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመረት አንዱ አጨዳ ከዝናብ ጋር ይገጥማል፤ ጭቃ ይዞ የሚመለሰውን ማሽን ለማጠብና ለማድረቅ ተጨማሪ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

መሣሪያ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ ማኅበራት ሲተላለፍ የርክክብ ሰነዱ የሞተር ቁጥሩንና መለዋወጫውን ይዘረዝራል፤ የት እንደሚቀመጥና ጠባቂው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠቅስም። ሁለቱ በሰነዱ ቢሰፍሩ ለመጠለያው የሚወጣው ወጪ የማን እንደሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል። ማኅበሩ የራሱ ይዞታ ከሌለው መጠለያው ተነቅሎ እንዲወሰድ ሆኖ መሠራት አለበት፦ ቋሚና ወራጁ በምስማር ፋንታ በሽቦ ይታሰራል፤ ቆርቆሮዎቹም ሲነሡ ተራ ቁጥር ይጻፍባቸዋል፤ ዳግም ሲመቱ ምስማሩ በቀድሞው ቀዳዳ እንዲገባና ጣሪያው እንዳያፈስ ነው።