የሐረማያ ሐይቅ የውሃ ሒሳብ

የውሃ ሀብት አስተዳደር በተነሣ ቍጥር በቅድሚያ የሚታሰበው ግድቡ፣ ፓምፑና የቧንቧው መስመር ነው። ውሃውን የተሸከመውን መሬት ጠባይ መመርመር ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ሲቈጠር ኖሯል። የዚህን አስተሳሰብ ዋጋ ለመረዳት የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ የሐረርን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት አጠጥቷል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአጠገቡ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅም ሆነ በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚያለማው ገበሬ ጎረቤቶቹ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ፈጽሞ ደረቀ፤ ሐረርም በብርቱ የውሃ ችግር ላይ ወደቀች።

ለዚህ ሁሉ ዝናብን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። የሥነ ምድር መልስ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ በሌለው ዝግ ተፋሰስ ውስጥ የተኛ ነው። ገቢው ዝናብና ጎርፍ፣ ወጪው ትነት፣ ስርገትና በሰው የሚቀዳው ውሃ ነው። ከተራቈቱት ኮረብታዎች የተጠረገው አፈር ወለሉን ሲሞላው ጥልቀቱ አነሰ፤ ከቀረው ውሃ ፀሐይ የምትወስደው ድርሻም በዛ። በዳርቻው የተቈፈሩት ጉድጓዶች ደግሞ ሐይቁን ከሥር ይጋሩት ነበር፤ በደለሉ ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውሃና ሐይቁ የተያያዙ ናቸውና። ከተማውም ገበሬውም በየፊናቸው ሲቀዱ፣ የሚቀዱት ከአንድ ጋን መሆኑን የሚያሳይ የጋራ ሒሳብ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ለሐረር የተገኘው መፍትሔ በድሬዳዋ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶችን ቈፍሮ ውሃውን ወደ ደጋው መግፋት ሆነ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆንዋ የዚህ ሽቅብ ጉዞ ወጪ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚሰወር አይደለም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ውሃ ወደ ሐይቁ ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ገቢና ወጪው ካልተመዛዘነ ያው ታሪክ መደገሙ አይቀርም። ጥልቅ ጉድጓዶቹም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው የፓምፑን ጉልበት ከመወሰናችን በፊት የድንጋዩን፣ የአፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ ጠባይ ማወቅ፣ ከተከልነውም በኋላ የውሃውን ከፍታ ሳያቋርጡ መለካት ነው። መሬት ያበደረችውን ውሃ ሳትጠይቅ አትቀርም፤ ዕዳው የሚከፈለው ግን በመሐንዲሱ ሳይሆን እንስራ ይዞ በሚሰለፈው ሕዝብ ነው።