በሁለት ጎማ ሀገርን መለካት

አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ እየተባሉ የሚጠሩት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከርቀት መለኪያ ነው። የከተማዋ ጥንታውያን ሰፈሮች በመኳንንት፣ በአጥቢያ ታቦትና በገበያ ስም ሲጠሩ፣ እነዚህ ሦስቱ በኪሎ ሜትር መጠራታቸው ከተማዋ ከበቅሎ ወደ መንኮራኩር ዘመን የተሸጋገረችበትን ወቅት ያስታውሳል። የበቅሎ መንገደኛ ርቀትን የሚቆጥረው በቀን ጉዞና በማደሪያ ነበር። ኪሎ ሜትርን ያስለመደው መንኮራኩር ነው፤ ከባለመንኮራኩሮች ሁሉ ደግሞ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በገዛ ጉልበቱ የሚከፍለው ብስክሌተኛው ብቻ ነው። ስለሆነም ኢትዮጵያን በብስክሌት ዳር እስከ ዳር አቋርጦ መፈጸም ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የጋላቢውን ብርታት ማድነቅ ብቻ አይበቃም፤ የመንገዱንና በመንገዱ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ታሪክ አብሮ መመርመር ያሻል።

የኢትዮጵያ ደጋ ለመንኮራኩር የተመቸ ምድር አይደለም። አምባውና ገደሉ፣ ሜዳውና ሸለቆው እየተፈራረቁ መንገደኛውን ሲያወጡትና ሲያወርዱት ይኖራሉ። የአየርላንዷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በ1955 ዓ.ም. ከሀገሯ ተነሥታ እስከ ሕንድ የተጓዘችው በብስክሌት ነበር። በ1959 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥታ የሰሜኑን ተራሮች አቋርጣ አዲስ አበባ ስትገባ ግን ብስክሌቱን ትታ፣ ጓዟን በበቅሎ አስጭና በእግሯ መጓዝን መርጣለች። ምርጫዋ የምድሩን ጠባይ በሚገባ ያስረዳል።

ብስክሌት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው የተጠረገ መንገድ ነው። የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት በወረራው ዓመታት ከአሥመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የዘረጋው አውራ ጎዳና፣ በጣርማበር ተራራ ውስጥ የተፈለፈለውን ዋሻ ጨምሮ፣ የታሰበው ለጦር ማመላለሻና ለቅኝ ግዛት ጥቅም ነበር። ወራሪው ተባሮ ሲወጣ መንገዱ ለባለሀገሩ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ደግሞ የመንገድ ሥራና ጥገና ራሱን የቻለ የመንግሥት ተግባር ሆነ። ዛሬ በብስክሌት የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሁሉ ድካም በጎማው ሥር ይዞት ይሄዳል።

የብስክሌት ውድድርም ታሪክ ከዚሁ የወረራ ዘመን ጋር የተሳሰረ ነው። በ1929 ዓ.ም. በአሥመራ የተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ለጣልያኖች ብቻ የተፈቀደ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤርትራውያን ከጣልያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ፣ ገብረ ማርያም ገብሩ የተባለው ብስክሌተኛ ቀድሞ በመግባት የዘር የበላይነትን ትምክህት በአደባባይ ውድቅ አደረገው። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ የተሰለፈችባቸው የስፖርት ዓይነቶች አትሌቲክስና ብስክሌት ነበሩ። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ንጉሤ መንግሥቱ ኅዳር 28 ቀን በተካሄደው የጎዳና ውድድር ተሰለፉ። ርቀቱ ከ187 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ያሸነፈው ጣልያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሃያ ዓመት በሆነው በዚያው ዓመት ኢትዮጵያውያን ከጣልያኖች ጋር በአንድ መነሻ መሥመር እኩል ቆመው ታዩ። ከተሰላፊዎቹ ብዙዎች ውድድሩን አቋርጠው ሲወጡ፣ ገረመው እስከ መጨረሻው ጸንቶ ከቀደሙት ሠላሳ ብስክሌተኞች መካከል ገባ። ከአራት ዓመት በኋላም በሮም ኦሎምፒክ ተሰልፏል።

ሮም ግን በኢትዮጵያውያን ዘንድ የምትታወሰው በአበበ ቢቂላ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ከስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኘው ጃንሜዳም የሯጮች መፈተኛ በመሆን ስሙ ገንኗል። የብስክሌተኞቹ ስም በሯጮቹ ዝና ተጋርዶ መቅረቱ ግን የታሪክ ጉድለት ነው። ሜዳልያ ያላመጣ ሁሉ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የጀመሩትን መፈጸም ራሱን የቻለ ክብር አለው።

ይህ ክብር ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የሚታየው አሸናፊና ተሸናፊ በሌለበት በረጅሙ ጉዞ ነው። በ1995 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውና ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ከመተማ እስከ ሞያሌ አቋርጧል። ይህ መሥመር በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በሐዋሳ በኩል ሲያልፍ ከ1,600 ኪሎ ሜትር አያንስም። ከመተማ ቆላ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገደኛ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ዋናው ፈተና ግን የዓባይ ሸለቆ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋ ወደ በረሃ ወርዶ ተመልሶ ደጋ ይወጣል። በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ወንዙን መሻገርን አቅልሏል፤ ዳገቱን ግን ሊያሳጥረው አልቻለም። ቁልቁለቱ ፍሬን የያዘውን እጅ ያዝላል፤ አቀበቱ ደግሞ ጭነት መኪና በሚያቃስትበት ጥምዝምዝ ላይ ጋላቢውን ለሰዓታት ይፈትነዋል።

ከዳገቱ ሌላ የሰው ፈተናም አለ። የመንገድ ዳር ልጆች ብስክሌተኛውን እየጮኹ ይከተሉታል፤ አንዳንዶቹም ድንጋይ ይወረውራሉ። ይህን ነውር መሸሸግ አይገባም። በዚያው መንገድ ላይ ግን ለማያውቁት እንግዳ ውኃና ማረፊያ የሚሰጡ፣ ቡና አፍልተው የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። በባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው የዘወትር መጓጓዣ በመሆኑ መንገደኛው እንደ ባዕድ አይታይም። ብስክሌቱ በተለመደበት ቦታ ባለብስክሌቱም ይለመዳል።

ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የሜልቦርኖቹ ፈር ቀዳጆች ተተኪ እንዳላጡ ታየ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተከናወነው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መሥመሮች መዘርጋታቸውም መልካም ጅምር ነው። በአንጻሩ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጎጃምንና የጎንደርን መንገድ ለመንገደኛ አስጊ አድርጎታል። ብስክሌተኛ አጃቢም ጋሻም የለውም፤ ፍጥነቱም ከአደጋ አያስመልጠውም። ስለዚህ አንድ ሰው ከመተማ ተነሥቶ ሞያሌ በሰላም ሲገባ የሚመሰገነው እግሩ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን የጠረጉት፣ ድልድዩን የሠሩትና ያሳደሩት ሁሉ የጉዞው ተካፋዮች ናቸው። ሀገር በሁለት ጎማ የምትለካው በመካከሏ ሰላም ሲኖር ነው።